እጅ የሚያርፍባት ሰከንድ

የሪትም ጌም የሚጫወት ሰው ዓይኑን ከኖታው ላይ አይነቅልም። ወደ ላይ የሚወጣውን ቀስት፣ እየጠበበ የሚመጣውን ክብ፣ ፊት ለፊት የሚወረወረውን ኩብ በምቱ ልክ መምታት ነው ሥራው። ሌቭሉን የሠራው ሰው ግን ኖታ የሌለበትን ቦታም ይቆጥራል። ዘፈኑ እየሄደ እጅ የሚያርፍባት ያቺ ክፍተት የት ትጀምር? ስንት ሰከንድ ትቆይ? ማለቋንስ ተጫዋቹ በምን ይወቅ? ዛሬ ይህ በሚሊ ሰከንድ የሚሰላ ሙያ ነው። እዚህ እስኪደርስ አርባ ዓመት ያህል ወስዷል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ዕረፍቱ ራሱ ትርጉሙን ደጋግሞ ቀይሯል። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

1978–1996፦ ተራ መጠበቅ

በ1978 ሚልተን ብራድሌይ የተባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ኩባንያ ሳይመን የሚባል ክብ ማሽን ለገበያ አቀረበ። የፈጠሩት ራልፍ ቤርና ሃዋርድ ሞሪሰን ናቸው፤ ቤር ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የቤት ውስጥ ቪዲዮ ጌም በመፍጠር ስሙ የሚነሳ መሐንዲስ ነው። ሳይመን አራት ባለቀለም ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው። ማሽኑ አንድ ድምፅ ያሰማል፤ ተጫዋቹ ይደግመዋል። ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያለ ሰንሰለቱ ይረዝማል።

ማሽኑ ሲያሰማ ሰውየው እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። ይህን ዕረፍት ብሎ የጠራው አልነበረም። ሠርግ ቤት የዋለ ሰው ግን ነገሩን ወዲያው ይለየዋል፦ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ዝም ይላል፣ ተራው ሲደርስ ይቀበላል። ዝም ያለው ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ የሚመልሰውን እየያዘ ነው።

በዲሴምበር 1996 ጃፓን ውስጥ ለፕሌይስቴሽን የወጣው «ፓራፓ ዘ ራፐር» ይህንኑ የመቀባበል ሥርዓት ሙሉ ዘፈን ላይ አወረደው። የናናኦንሻ ስቱዲዮው ማሳያ ማትሱራ ወደ ጌም ከመምጣቱ በፊት ሙዚቀኛ ነበር፤ ጌሙም የሙዚቀኛ አሠራር አለው። ከወረቀት የተቆረጠ የሚመስለው ውሻ ፓራፓ፣ ራሱ ሽንኩርት የሆነ የካራቴ መምህር ፊት ይቆማል። መምህሩ አንዱን መስመር ራፕ ያደርጋል፤ ተጫዋቹ በቁልፎቹ ይመልሳል።

እዚህ ላይ የዕረፍቱን ርዝመት የሚመርጥ ሰው አላስፈለገም፤ የመምህሩ መስመር ራሱ ርዝመቱ ነው። የሚጀምረውም የሚያልቀውም በምት ላይ ስለሆነ ተጫዋቹ ከቆጠራው አይወጣም። እንከኑ ሌላ ነው፦ ግማሹ ዘፈን መጠበቅ ይሆናል። ማትሱራ የሚጠበቀውን ክፍል በቀልድና በሥዕል ስለሞላው ያ እንከን ብዙም አልታየም። ከቀጠሉት ሠሪዎች ብዙዎቹ ግን መጠበቁን ጠቅልለው ጣሉት።

1997–2001፦ ሳንቲም የሚበላው ማሽን

ኮናሚ በ1997 መጨረሻ «ቢትማኒያ»ን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን»ን በጃፓን መጫወቻ አዳራሾች አቆመ። አንዱ አምስት ቁልፍና የዲጄ ሸክላ ያለው ነው፤ ሌላው በእግር የሚረገጡ አራት ቀስቶች አሉት። ማሽኑ በሳንቲም ይሠራል፤ ከኋላ ወረፋ አለ። ስለዚህ ዘፈኖቹ ወደ ደቂቃ ተኩል ገደማ ተቆረጡ። በደቂቃ ተኩል ውስጥ አሥር ሰከንድ ባዶ መተው የደንበኛን ገንዘብ እንደ መውሰድ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የሚገኘው የሕይወት መለኪያው ላይ ነው። በእነዚህ ማሽኖች መለኪያው የሚወርደው ተጫዋቹ ሲስት ነው፤ ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይወርድም። ኖታ ባይኖር የሚጎዳ ነገር የለም፤ የሚጠቅምም የለም። ዕረፍቱ ለጌሙ ሒሳብ ዋጋ ስላልነበረው ሠሪዎቹም የተለየ ስም አልሰጡትም። ዘፈኑ ውስጥ ከበሮው ዝም ሲል ቀስቱም ዝም ይላል፤ በቃ።

ለእግር ግን ዋጋ ነበረው። ዳንሱ ላይ ያለ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር ሁለት ባር (ባር አራት ምት ያለው የዘፈን ክፍል ነው) ባዶ ማለት ቀሪውን የመጨረስና ያለመጨረስ ልዩነት ነው። በ2001 «ዲዲአርማክስ» ይዞት የመጣው ረግጦ የማቆያ ቀስት እንደ ግማሽ ዕረፍት ሊታይ ይችላል፦ እግር ይቆያል፣ ግን አይመታም። በዚያው ዘመን የተጀመረው ስቴፕማኒያ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ማንም ሰው የራሱን የቀስት ቅንብር እንዲሠራ በር ከፈተ። በእሱ ላይ የተመሠረተውና በ2004 የወጣው «ኢን ዘ ግሩቭ» ከኮናሚ ጋር ፍርድ ቤት ደርሶ በ2006 መብቱ ወደ ኮናሚ ቢገባም፣ ያፈራቸው ተጫዋቾች አልተበተኑም። ለጽናት የሚጫወቱት ሰዎች ሌቭልን በቁጥር መጻፍ ለመዱ፦ ስንት ባር ሳይቋረጥ፣ ከዚያ ስንት ባር ዕረፍት፣ እንደገና ስንት ባር። በመጨረሻም ይህን ቆጠራ በጨዋታው መካከል በስክሪን ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ሠሩ። ሯጭ ቀጣዩ የውኃ ጣቢያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው ማወቅ እንደሚሻው ማለት ነው።

2005–2006፦ ጥቁር የለበሱ ደጋፊዎች

ዕረፍትን ከዘፈኑ ክፍተትነት አውጥቶ የሌቭሉ አካል ያደረገው ሥራ በጁላይ 2005 ለኒንቴንዶ ዲኤስ ወጣ። ስሙ «ኦሱ! ታታካኤ! ኦውንዳን» ነው፤ የሠራው ኬይቺ ያኖ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት አይኒስ የተባለ የቶኪዮ ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው አራት ዓመት ቀደም ብሎ «ጊታሩ ማን» የተባለውን ጌም ሠርቶ ነበር። በዚያ ጌም ዘፈኑ በምዕራፍ ተከፍሏል፦ መጀመሪያ ኃይል መሙላት፣ ከዚያ ማጥቃትና መከላከል። ዘፈንን በምዕራፍ የመክፈሉ ልማድ እዚያ ተጀምሮ ኦውንዳን ላይ በሰለ።

ኦውንዳን በጃፓን ትምህርት ቤቶች ጥቁር ዩኒፎርም ለብሶ በጩኸትና በእንቅስቃሴ የሚያበረታታ የድጋፍ ቡድን ነው። በጌሙ ሦስት አባላት ያሉት ቡድን የተቸገረ ሰው በጮኸበት ሁሉ ይደርሳል፤ ለፈተና ማጥናት ያቃተው ተማሪ ሳይቀር። ታሪኩ በላይኛው ስክሪን ይታያል፤ በታችኛው ተጫዋቹ ክቦቹን በምት ይነካል። የሕይወት መለኪያው ግን እንደ ኮናሚ ማሽኖች አይደለም። ሳይሳሳቱም፣ ምንም ሳያደርጉም፣ ጊዜው በሄደ ቁጥር ይወርዳል፤ የሚሞላው በትክክል በመምታት ነው።

ይህች ለውጥ ሁሉን ነገር ገለበጠች። መለኪያው ሁልጊዜ የሚወርድ ከሆነ፣ ኖታ የሌለበት ክፍል ሲመጣ ተጫዋቹ ባልሠራው ጥፋት ይሞታል። ስለዚህ ክፍተቱ ሲጀምር «እዚህ መለኪያው ይቁም»፣ ሲያልቅ «አሁን ይቀጥል» የሚል ትእዛዝ አስፈለገ። መነሻና መድረሻ ያለው ዕረፍት የተወለደው ከዚህ ሒሳብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አይኒስ ሒሳቡ ባስገደደው ዕረፍት ላይ ድራማ ሠራ። አንዱ የዘፈን ምዕራፍ ሲያልቅ ሙዚቃው ይቀጥላል፣ ክቦቹ ይጠፋሉ፣ እጅ ያርፋል፣ ታሪኩም በላይኛው ስክሪን አንድ እርምጃ ይራመዳል። መለኪያው በደህናው በኩል ከነበረ በጃፓን የትክክል ምልክት የሆነው ክብ ታይቶ ለባለጉዳዩ ይቀናዋል፤ ካልሆነ የኤክስ ምልክት መጥቶ ይወድቃል፣ ይዋረዳል፣ ይባረራል። ዘፈኑ ግን ገና ስላላለቀ የተበላሸውን በሚቀጥለው ምዕራፍ ማቃናት ይቻላል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አራት ሥራ ተሠራ፦ እጅ አረፈ፣ መለኪያው ቆመ፣ ፍርድ ተሰጠ፣ ታሪኩ ሄደ። ከዚያ በኋላ በመጣው ሁሉ ይህን ያህል ሥራ የተሸከመ ዕረፍት ማግኘት ያስቸግራል።

በኖቬምበር 2006 ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀው «ኢሊት ቢት ኤጀንትስ» ተመሳሳይ አሠራር ይዞ ወጣ። እዚያ ውስጥ ቺካጎ በተባለው ባንድ «ዩር ዘ ኢንስፒሬሽን» ዘፈን የታጀበ የገና ሌቭል አለ። አባቷ የሞተባት ትንሽ ልጅ በዓሉን ትጠብቃለች፤ ሌላ ጊዜ የሚያስቁት ምስሎች እዚህ ዝግ ብለው ያለፉ ነገሮችን ያሳያሉ። ተጫዋቹ በዕረፍቱ እጁ ባዶ ነው፤ ከማየት በስተቀር የሚያደርገው የለም። ሐዘኑ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሌላ መንገድ ሄደዋል። በኖቬምበር 2005 የወጣው የሃርሞኒክስ «ጊታር ሂሮ» ዕረፍትን ከዘፈኑ ጊታሪስት ተቀበለ፤ እሱ ዝም ሲል ተጫዋቹም ዝም ይላል። ይሄው ስቱዲዮ በ2007 «ሮክ ባንድ»ን ሲያወጣ ደግሞ ባዶ እጅ መቆሙ የከበደው ይመስላል፦ ዘፋኙ የሚዘፍነው በሌለበት ክፍል ማይክሮፎኑን በምት እየነካ ከበሮ ቢጤ እንዲመታ አደረገው። መድረክ ላይ አጃቢ ሲጫወት ድምፃዊ በእጁ እንደሚያጨበጭበው ነው።

ከሁሉ ተንኮለኛው የኒንቴንዶ «ሪትም ቴንጎኩ» ነበር። በ2006 ለጌምቦይ አድቫንስ የወጣው ይህ ጌም የሙዚቃ አዘጋጁ ቱንኩ ሐሳብ ነው። በትንንሽ ጨዋታዎቹ ውስጥ ዕረፍት ወጥመድ ይሆናል፤ ዓይን የሚይዘው ነገር ይጠፋና ሰውየው ምቱን በሆዱ ብቻ እየቆጠረ ይጠብቃል። ከዝምታ በኋላ የምትመጣዋን የመጀመሪያ ኖታ መሳት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በግልጽ ያሳየ ሥራ ነው፤ ይህች ኖታ ወደፊት የሌቭል ሠሪዎች ሁሉ ራስ ምታት ትሆናለች።

2007፦ ሁለት ቁጥሮች በአንድ መስመር

በሴፕቴምበር 2007 ዲን ኸርበርት የተባለ አውስትራሊያዊ ፕሮግራመር የኦውንዳንን አጨዋወት ወደ ኮምፒውተር አምጥቶ «ኦሱ!» ብሎ ለቀቀው። ጌሙ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ሌቭል የሚሠራበት ኤዲተርም አብሮት መጣ። እስከዚያ ድረስ ዕረፍት የት እንደሚገባ የሚወስነው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠ ባለሙያ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ልጅም መወሰን ቻለ።

የኦሱ ሌቭል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በኦሱ ብሬክ የሚባለው ዕረፍት በፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ይይዛል፦ ብሬክ መሆኑን የሚያመለክተው 2 ቁጥር፣ የሚጀምርበት ሚሊ ሰከንድ፣ የሚያልቅበት ሚሊ ሰከንድ። የአይኒስ ድራማ ወደ ሁለት የሰዓት ቁጥሮች ተጨመቀ ማለት ነው። ድራማው መጀመሪያ አካባቢ አልጠፋም ነበር። ሌቭል ሠሪው ከፈለገ ታሪክ በሥዕል የሚያስገባበት ክፍል አለ፤ ለተሳካለት ተጫዋች የሚታይ አንድ ንብርብር፣ ላልተሳካለት ሌላ። በብሬክ ጊዜ የ«አለፍክ» ወይም የ«ወደቅክ» ምልክትም ይመጣል። ነገር ግን አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ ለእያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ዓይነት ታሪክ እንዲሥል መጠበቅ ከባድ ነው። ብሬኩ ቀረ፤ ታሪኩ ከብዙዎቹ ሌቭሎች ወጣ።

ባዶው ሲቀር ጥያቄው ተለወጠ። የሚታይ ነገር ከሌለ ዕረፍቱ ለምን ይህን ያህል ይርዘም? ለምን እዚህ ቦታ? መልሱን መስጠት ለዘፈኑ ቀረለት። ጎበዝ ሠሪዎች ብሬክን አዝማቹ አልቆ ሁለተኛው ስንኝ ከመጀመሩ በፊት፣ ወይም ዘፈኑ ድምፁን ቀንሶ ለመጨረሻው አዝማች በሚዘጋጅበት ድልድይ ላይ ማስቀመጥ ያዙ። የመጀመሪያዋን ኖታ ደግሞ በባሩ አንደኛ ምት ላይ ያሳርፏታል። ጆሮ ያንን ምት ሳይነገረው ይጠብቀዋል፤ በባሩ መካከል የምትመጣ ኖታ ግን ያረፈ እጅ አይደርስባትም።

ከ2010 ወዲህ፦ የ50 ሚሊ ሰከንድ ጉድለት

ኦሱ ላይ ክብ ከመመታቱ በፊት ምን ያህል ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስን የአቀራረብ ፍጥነት አለ። 0 ሲሆን ክቡ 1800 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይታያል፤ 5 ሲሆን 1200፣ 10 ሲሆን 450። ብሬኩ የሚያልቀው ቀጣዩ ክብ ሲመታ አይደለም፤ መታየት ሲጀምር ነው። ከመጨረሻው ኖታ በኋላ ደግሞ 200 ሚሊ ሰከንድ ይተዋል፤ ብሬኩም ራሱ ከ650 ሊያንስ አይችልም።

አሁን ቀለል ያለ ሌቭል እንውሰድ፤ የአቀራረብ ፍጥነቱ 5፣ ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት። ብሬክ እንዲገባ 200፣ 650ና 1200 ተደምሮ ቢያንስ 2050 ሚሊ ሰከንድ ክፍተት ያስፈልጋል። በዚህ ዘፈን አራት ምት ያለው አንድ ባር 2000 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ባር መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ ባር መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ባዶ ቢተዉትም ብሬክ አይገባም፤ 50 ሚሊ ሰከንድ ይጎድላል። ከባድ ሌቭል ላይ፣ ፍጥነት 10ና በደቂቃ 180 ምት ሲሆን፣ የሚያስፈልገው 1300 ነው፤ ባሩ 1333። ይገባል፤ 33 ይተርፋል።

ነገሩ ግራ ያጋባል። ዕረፍት አብዝቶ የሚያስፈልገው ጀማሪው ነው፤ ሒሳቡ የሚያዳላው ግን ለጎበዙ ነው። ለጀማሪ የሚሠራ ሰው ዘፈኑ ከሚፈልገው በላይ ክፍተት መተው ግድ ይለዋል፤ ወይም ብሬኩን ትቶ ኖታዎቹን ያሳሳል። በኦሱ የከበሮ ጨዋታ ዓይነት፣ ማለትም በታይኮ፣ ለዝቅተኛ ደረጃ ሌቭሎች የወጣው መመሪያ በየተወሰነ ባሩ እጅ የሚያርፍበት ክፍተት እንዲኖር ይመክራል። እዚያ ዕረፍት ብሬክ ተብሎ ባይመዘገብም ይቆጠራል።

ሕጉ ከሌላ አቅጣጫም ዕረፍትን ነካው። አንድ ሌቭል በጌሙ ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት መለኪያው የሚወርድበት ጊዜ ቢያንስ 30 ሰከንድ መሆን አለበት፤ 5 ደቂቃ የሞላ ሥራ ደግሞ ቀለል ያሉ ተጓዳኝ ሌቭሎች ሳይሠሩለት ብቻውን ሊቀርብ ይችላል። ብሬክ መለኪያው የማይወርድበት ጊዜ ስለሆነ ቀድሞ ከአምስት ደቂቃው ቆጠራ ይወጣ ነበር። አምስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ የሚሆን ዘፈን የያዘ ሠሪ ሃያ ሰከንድ ብሬክ ቢያስገባ ከመስመሩ በታች ይወድቅ ነበር፤ ከዚያም ቀለል ያሉ ሌቭሎች መሥራት ይጠበቅበት ነበር። ለእጅ የሚጠቅም ዕረፍት ለሠሪው ተጨማሪ ሥራ ሆነ። በረጃጅም ዘፈኖች ብሬክ የመቆጠብ ፈተና ከሙዚቃው ይልቅ ከዚህ ቢመጣ የሚያስገርም አልነበረም።

ከዝምታ በኋላ ለምትመጣዋ ኖታ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ብሬኩ ሊያልቅ ሲል በስክሪኑ ዳርና ዳር ቀስቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ጆሮ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

2018፦ ክንድ ሲደክም

በሜይ 2018 ፕራግ የሚገኘው ቢት ጌምስ «ቢት ሴበር»ን ሲለቅ ሰውነት ወደ ታሪኩ ተመለሰ። ያን ኢላቭስኪ፣ ቭላዲሚር ህሪንቻርና ሙዚቀኛው ያሮስላቭ ቤክ የሠሩት ጌም በዓይን ላይ በሚጠለቅ መሣሪያ ይጫወታል፤ ተጫዋቹ በሁለት የብርሃን ሰይፍ ኩቦችን ይቆርጣል። ጣት ሳይሆን ትከሻ ነው የሚሠራው። መለኪያው እንደ ዳንሱ ማሽን በስሕተት እንጂ በጊዜ አይወርድም፤ ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ የብሬክ መስመር አላስፈለገም። ኩብ የሌለበት ቦታ ሁሉ ዕረፍት ነው።

ግን ባዶ የተባለውም ባዶ አይደለም። ሠሪዎች ኩቡ በጠፋበት ክፍል ተጫዋቹን ጎንበስ ወይም ዘወር የሚያደርግ ግድግዳ ያስገባሉ፤ ክንድ ሲያርፍ ጉልበት ይሠራል። ከዚያ ሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ግን ለመጀመሪያዋ ሰከንድ ነው። መሣሪያውን ገና ዓይኑ ላይ ያስተካከለ ሰው ዘፈኑ በተከፈተ ቅጽበት ኩብ ቢወረወርበት ሰይፉን ሳያነሳ ያልፈዋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች መግቢያው ላይ ከሰከንድ በላይ ባዶ ይተዋሉ፤ ዘፈኑ ወዲያው የሚጀምር ከሆነ ፊቱ ላይ ዝምታ ይቀጥሉበታል።

ላዘር፦ የሚቆጥረው ስክሪን

የኦሱ አዲሱ እትም ላዘር ይባላል። ኤዲተሩ በኖታዎቹ መካከል በቂ ክፍተት ሲያይ ብሬኩን ራሱ ያስገባል፤ ለሠሪው የሚቀረው ዳሩን በመዳፊት ይዞ መሳብ ነው። ተጫዋቹ ዘንድ ደግሞ ብሬኩ ሲጀምር መካከሉ ላይ ቁጥር ወደ ታች እየቆጠረ ይመጣል፤ ከሥሩ እስከዚያ ድረስ ስንቱን በመቶኛ በትክክል እንደመታና ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ይጻፋል። ኦውንዳን የፈተና ተማሪውን ያሳየበት ቦታ ላይ አሁን ያለው የተጫዋቹ ውጤት ነው። ሰውየው ጣቶቹን ያፍታታል፣ ላቡን በሱሪው ይጠርጋል፣ ቁጥሩን ያያል፦ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ክቡ ታየ፤ እስኪመታ ገና 1200 ሚሊ ሰከንድ አለ።